ሶፍትዌሩ የመለሰው የማንን ጥያቄ ነው?



ውድ እህትና ወንድሞች፦ ፈተና እየተቃረበ ስለሆነ በጀመዓችን የትምህርት ዘርፍ በኩል አንድ ጉዳይ ልናነሳ ወደናል። ጉዳዩ የኢንቨርስ ሃይፐርቦሊክ ፈንክሽኖችን ግራፍ በሶፍትዌር ስለመሳል ነው። «ይሄማ የማትስ ልጆች ጣጣ ነው» ብላችሁ ገጹን አትለፉት። ኢንጂነሪንግም ሆናችሁ ፊዚክስ፣ ኮምፒውተር ሳይንስም ሆናችሁ ስታቲስቲክስ፣ ካልኩለስ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ከነዚህ ውጭ ያላችሁም ብትሆኑ፣ ወደ መጨረሻው ስለ ካርታና ስለ ቂብላ የምንለው ይመለከታችኋል።

ዛሬ ብዙዎቻችን ስልካችን ላይ ጂኦጀብራ ወይም ዴስሞስ አለ። ላብ ውስጥ ማትላብ አለ፤ ላፕቶፕ ያለው ደግሞ በፓይተን ይሠራል። አሳይመንት ሲሰጥ ፈንክሽኑ ይጻፋል፣ ግራፉ በሰከንድ ይመጣል፣ ስክሪንሾት ይነሳል፣ ስም ይጻፍበትና ይገባል። በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየት እንሰማለን። አንዱ «ሶፍትዌር ተማሪውን አሰነፈው፣ ቢቀር ይሻላል» ይላል። ሌላው «ማሽኑ ከኛ በላይ ያውቃል፣ ምን ያከራክራል?» ይላል። እኛ በሁለቱም አንስማማም።

የኛ አቋም ይህ ነው፦ ሶፍትዌር ኒዕማ ነውና እንጠቀምበት። ነገር ግን ሶፍትዌር የሚመልሰው የተጻፈለትን ጥያቄ ነው፤ በልባችን የያዝነውን ጥያቄ አያውቅም። በሁለቱ መካከል ልዩነት ካለ የሚያውቀው ተማሪው ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ስክሪኑን ከመክፈታችን በፊት ግራፉ ምን መምሰል እንዳለበት በወረቀት ላይ ጽፈን መገኘት አለብን። ያልተረዱትን ግራፍ ስም ጽፎ ማስረከብ ላላዩት ነገር እንደመመስከር ነው። ምስክርነት ደግሞ አማና ነው።

ፈንክሽኖቹ ምን ይላሉ?

በአጭሩ ኮሽ የምንለው ሃይፐርቦሊክ ኮሳይን፣ ኢ ወደ ኤክስ ፓወር እና ኢ ወደ ኔጌቲቭ ኤክስ ፓወር ተደምረው ለ2 ሲካፈሉ የሚገኘው ነው። ሲንሽ በመደመር ፋንታ በመቀነስ ይገኛል። ታንሽ ደግሞ ሲንሽ ለኮሽ ሲካፈል ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው ቪንቼንዞ ሪካቲ እና ዮሃን ላምበርት ሰፊ ጥናት አድርገውባቸዋል።

ኢንቨርሱ ጥያቄውን ይገለብጠዋል። «ኮሹ 2 የሚሆነው ቁጥር የቱ ነው?» ብለን እንጠይቅ። የ3ን ስኩዌር ሩት ከ2 ጋር ደምረን ናቹራል ሎጋሪዝሙን ስንወስድ 1.317 ያህል እናገኛለን። ግን ኔጌቲቭ 1.317ም ኮሹ ያው 2 ነው። የኮሽ ግራፍ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ከ1 በላይ ላለ ለእያንዳንዱ ውጤት ሁለት ባለቤት አለ። ፈንክሽን ደግሞ ለአንድ ግቤት ሁለት መልስ መስጠት አይችልም። ስለዚህ የሒሳብ ሰዎች ተስማምተው የቀኙን ግማሽ ብቻ ያዙ። ይህን የወሰነው ሰው ነው። ሶፍትዌሩ ግራፉን ሲስልልን ይህንን ውሳኔ ይዞ ነው፤ እኛ ካላወቅነው ግን የሳለልንን ማንበብ አንችልም።

ሦስቱን በጥቅሉ እንያዛቸው። ኢንቨርስ ሲንሽ ለሁሉም ሪያል ቁጥር ይሠራል። ኢንቨርስ ኮሽ ከ1 ጀምሮ ወደ ቀኝ ብቻ ነው። ኢንቨርስ ታንሽ በኔጌቲቭ 1 እና በ1 መካከል ብቻ ነው፤ ጫፎቹ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ያለ ገደብ ይሄዳል። እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች የያዘ ተማሪ ከዚህ በታች ባሉት ግራፎች አይታለልም።

አምስት ግራፎች

አንደኛ፦ ማትላብ ላይ ኤክስን ከኔጌቲቭ 3 እስከ 3 አድርጋችሁ ኢንቨርስ ኮሽን ፕሎት አድርጉ። የሚመጣው ሥዕል ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ ገንዳ ይመስላል። በኔጌቲቭ 1 እና በ1 መካከል መስመሩ ዜሮ ላይ ተኝቷል፤ ከዚያ በግራም በቀኝም እኩል ይወጣል። ይሄ ኢንቨርስ ኮሽ አይደለም። ማትላብ ከ1 በታች ላለው ቁጥር በኮምፕሌክስ ቁጥር ይመልሳል፤ ፕሎት ሲደረግ ኢማጂነሪ ክፍሉ ይተውና ሪያል ክፍሉ ብቻ ይሳላል። መተዉን የሚናገር ማስጠንቀቂያም ይጽፋል፤ ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ያንኑ ሥራ በፓይተን ነምፓይ ብትሠሩት ከ1 በግራ ያለው ባዶ ሆኖ ይቀራል። አንድ ፈንክሽን፣ ሁለት ሶፍትዌር፣ ሁለት ሥዕል። አንዳቸውም አልዋሹም። አንዱ በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ዓለም፣ ሌላው በሪያል ቁጥሮች ዓለም የተጠየቀ መስሎት መልሷል።

ሁለተኛ፦ ኢንቨርስ ታንሽን በዚያው መንገድ ማትላብ ላይ ብትስሉት፣ መኖር በሌለበት ቦታ፣ ማለትም ከ1 በቀኝና ከኔጌቲቭ 1 በግራ፣ ሁለት ተጨማሪ ቅርንጫፎች ታያላችሁ። እነዚህ የኢንቨርስ ኮታንሽ ግራፍ ናቸው። በቁጥር ፈትሹት፦ ግማሽ ላይ ኢንቨርስ ታንሽ 0.5493 ነው፤ 2 ላይ ኢንቨርስ ኮታንሽ እንዲሁ 0.5493 ነው፤ ማትላብም 2 ላይ በሪያል ክፍሉ ያንኑ ቁጥር ይሰጣል። አንድ ፈንክሽን ያዘዘ ተማሪ ሁለት ፈንክሽን ተመርቆለት ይሄዳል። ዶሜይኑን ቀድሞ ያልጻፈ ሰው ሦስቱንም ቅርንጫፍ ኢንቨርስ ታንሽ ነው ብሎ ያስረክባል።

ሦስተኛ፦ የአጻጻፍ ጉዳይ ነው። መጽሐፍ ላይ ሲንሽ ከላዩ ኔጌቲቭ 1 ሲጻፍበት ኢንቨርስ ማለት ነው። ኤክሴል ወይም ፓይተን ላይ ግን የሲንሽን ውጤት ወደ ኔጌቲቭ 1 ፓወር ብናነሳው የምናገኘው 1 ለሲንሽ ሲካፈል ነው። አስቸጋሪው ነገር 1 ላይ ሁለቱ መቀራረባቸው ነው፦ ትክክለኛው ኢንቨርስ 0.8814 ሲሆን ሌላው 0.8509 ነው። አንድ ነጥብ ብቻ የፈተሸ ሰው «የማጠጋጋት ልዩነት ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ዜሮ ላይ ግን ኢንቨርስ ሲንሽ ዜሮ ነው፤ ሌላው ወደ ኢንፊኒቲ ይሄዳል። 3 ላይም የመጀመሪያው ወደ 1.82 ሲያድግ ሁለተኛው ወደ 0.1 ይወርዳል። አንድ ነጥብ ብቻ መፈተሽ እንደማይበቃ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ የለንም።

አራተኛ፦ ፓይተን ላይ ኤክስን ከ0 ጀምራችሁ በ0.3 እየዘለላችሁ ኢንቨርስ ኮሽን ሳሉት። ግራፉ ኤክስ አክሲስን ሳይነካ፣ 0.62 ከፍታ ላይ አየር ላይ ይጀምራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከ1 በኋላ የመጣው የመጀመሪያ ነጥብ 1.2 ነው፤ 1 ራሱ በነጥቦቹ ውስጥ የለም። ፈንክሽኑ ደግሞ 1 ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስለሚነሳ በዚያች ትንሽ ርቀት ውስጥ ብዙ ከፍ ብሏል። ሶፍትዌር ነጥቦችን ወስዶ በመስመር ያገናኛል እንጂ ኩርባውን ሁሉ አያውቀውም። በዚሁ ጠባዩ ምክንያት የኢንቨርስ ኮሴክን፣ ማለትም የሃይፐርቦሊክ ኮሴካንትን ኢንቨርስ፣ ስታዩ ዜሮ ላይ ከታች እስከ ላይ የቆመ መስመር ልታገኙ ትችላላችሁ። ያ መስመር የግራፉ አካል አይደለም። በግራ ያለውን የመጨረሻ ነጥብና በቀኝ ያለውን የመጀመሪያ ነጥብ ማሽኑ በራሱ ያገናኘበት ነው።

አምስተኛ፦ ኢንቨርስ ሲንሽን በሎጋሪዝም ቀመሩ የምትጽፉ አላችሁ፤ ኤክስ ስኩዌር ላይ 1 ደምሮ ስኩዌር ሩቱን ማውጣት፣ ኤክስን መደመር፣ ከዚያ ናቹራል ሎጋሪዝም መውሰድ። ቀመሩ እንከን የለበትም። ግን ኔጌቲቭ 100,000,000 አስገቡበት። ኮምፒውተሩ በተለመደው አሠራሩ ወደ 16 የሚጠጉ አሃዞችን ብቻ ስለሚይዝ፣ ግዙፉ ስኩዌር ላይ የተደመረችው 1 ትጠፋለች፤ ስኩዌር ሩቱ ልክ 100,000,000 ይሆናል፤ ድምሩ ዜሮ ይሆናል፤ የዜሮ ሎጋሪዝም ደግሞ ኔጌቲቭ ኢንፊኒቲ ተብሎ ይወጣል። ትክክለኛው መልስ ኔጌቲቭ 19.11 ያህል ነው። መፍትሔው ያለው እዚያው ሒሳቡ ውስጥ ነው። ኢንቨርስ ሲንሽ ኦድ ፈንክሽን መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ በፖዘቲቩ አስልቶ ምልክቱን ይቀይራል፤ ጨርሶ ችግር አይገጥመውም። ወረቀት ላይ ያወቀው ነገር ማሽኑን አዳነው ማለት ነው።

ካርታው እና ቂብላው

እዚህ ድረስ «ይሄ ሁሉ ለአንድ አሳይመንት?» የሚል ካለ፣ ኪሱ ውስጥ ያለውን ካርታ ያውጣ። ብዙዎቹ የኢንተርኔት ካርታዎች የተሠሩት ጌራርዱስ መርካቶር እ.ኤ.አ. በ1569 ባወጣው ዘዴ ላይ ተመሥርተው ነው። በዚህ ካርታ ላይ አንድ ከተማ ከምድር ወገብ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚቀመጥ የሚወስነው ኢንቨርስ ታንሽ ነው፤ የላቲትዩዱ ሳይን ይወሰድና ኢንቨርስ ታንሹ ይሰላል። 90 ዲግሪ ላይ ሳይኑ 1 ስለሚሆን፣ ሁለተኛው ግራፍ ላይ ያየነው ገደብ የለሽ ጫፍ ይመጣል። ሰሜን ዋልታ በዚህ ካርታ ላይ የማይገኘው ለዚህ ነው። የኢንተርኔት ካርታዎቹ 85.05 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚቆረጡትም፣ እዚያ ላይ ከፍታው ልክ ፓይ ስለሚሆንና ካርታው ካሬ ሆኖ ስለሚወጣ ነው።

አሁን በዚህ ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ መካ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። አቅጣጫው ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 4.8 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። በምድር ሉል ላይ አጭሩን መንገድ ተከትለን በስፌሪካል ትሪጎኖሜትሪ ስናሰላው 4.7 ዲግሪ ያህል ይመጣል። ልዩነቱ ኢምንት ነው። እዚህ ሆኖ «ካርታው ላይ ያለው ቀጥ ያለ መስመር ቂብላውን ያሳያል» የሚል ሰው የሚያርመው ነገር አያገኝም።

ይህንኑ ዘዴ ግን ብዙ ዘመዶቻችን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ላይ ሞክሩት። በካርታው ላይ ያለው ቀጥ ያለ መስመር ከምሥራቅ ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። በሉል ላይ ያለው አጭሩ መንገድ ግን ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 56.5 ዲግሪ ያህል ነው። በሁለቱ መካከል ከ40 ዲግሪ በላይ ልዩነት አለ። በሰሜን አሜሪካ ያሉ ሙስሊሞች በዚህ ላይ ሲነጋገሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1957 የተከፈተው የዋሽንግተኑ ኢስላማዊ ማዕከል መስጂድም ከፊቱ ካለው ጎዳና ጋር ትይዩ ሳይሆን፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞሮ የተሠራ ነው። የፊቅሁን ዝርዝር ለዑለማዎቻችን እንተወዋለን። እኛ የምንለው ስለ ካርታው ነው። ካርታው አልዋሸም። በካርታው ላይ ያለው ቀጥ ያለ መስመር ኮምፓሱን አንድ አቅጣጫ ላይ አድርጎ ለሚጓዝ መርከበኛ የተሰጠ መልስ ነው። ጥያቄያችን «መካ በየት በኩል ነው?» ከሆነ ግን የሌላ ሰው ጥያቄ መልስ ይዘን ቆመናል ማለት ነው።

ከአዲስ አበባው ምሳሌ የምንማረው ይበልጣል። አንድ ዘዴ ባለንበት ቦታ ትክክል ስለሆነ ብቻ የትም ትክክል ነው ማለት አይደለም። ሦስተኛው ግራፍ ላይ 1 ላይ የተቀራረቡት ሁለት ቁጥሮች የነገሩን ይህንኑ ነው።

የወረስነው ምንድን ነው?

በየፕሮግራማችን ላይ አልጎሪዝም የሚለው ቃል ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም እንደመጣ ደጋግመን እንናገራለን። እውነት ነው፤ ደስም ይላል። ነገር ግን ስም መጥራት ብቻውን ወራሽ አያደርግም። አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ እ.ኤ.አ. በ1025 ባጠናቀቀው የከተሞችን መገኛ በሚወስነው መጽሐፉ የገዝናን ቂብላ ሲያሰላ በአንድ መንገድ ብቻ አልረካም፤ በተለያዩ ዘዴዎች ሠርቶታል። በደማስቆ የነበረው አል-ኸሊሊም በ14ኛው ክፍለ ዘመን የቂብላ ሰንጠረዥ ሲያዘጋጅ በየዲግሪው ነው ያሰላው። እነዚህ ሰዎች ያወረሱን ልማድ አለ፦ መልስን በሌላ መንገድ መፈተሽ። ሱረቱል ሑጁራትም ወሬ ሲደርሰን እንድናጣራ ታስተምረናለች። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ በማታ የተለቀቀ አንድ የተሳሳተ ግራፍ ሲነጋ ስንት አሳይመንት ውስጥ እንደሚገኝ ለምታውቁ፣ ማጣራት የዜና ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ መንገር አያስፈልገንም።

«ጊዜ የለንም» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ሚድ፣ ላብ ሪፖርት፣ ፕሮጀክት፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይደራረባል። እውነት ነው። ግን ከዚህ በታች የምንጠይቀው ከአምስት ደቂቃ የማይበልጥ ነገር ነው። ደግሞም ፈተና አዳራሽ ውስጥ ስልኩ ከበር ይቀራል፤ እዚያ የሚገባው ጭንቅላታችን ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ተመርቀን ስንወጣ ደግሞ ድልድይ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር የሚያሰላው ሶፍትዌር ገንዳ የመሰለ ግራፍ ሲያመጣ «ይሄ ነገር ልክ አይደለም» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ከኛ መካከል እንዲሆን እንፈልጋለን።

ምን እናድርግ?

በእህቶችም በወንድሞችም በኩል በሚሰጡት የቅዳሜና እሁድ ቱቶሪያሎች ላይ የሚከተለው እንዲለመድ እንጠይቃለን። የማንኛውም ፈንክሽን ግራፍ ስክሪን ላይ ከመከፈቱ በፊት ደብተር ላይ አምስት መስመር ይጻፍ፦ ዶሜይኑ፤ ሬንጁ፤ በእጅ የተሰሉ ቢያንስ ሁለት ነጥቦች፤ አሲምፕቶት ካለው የት እንደሆነ፤ ግራና ቀኙ ምን ዝምድና እንዳላቸው። ከዚያ ሶፍትዌሩ ይከፈት። ከተጻፈው ጋር የማይስማማ ነገር ከታየ ሳይታወቅ አይታለፍ፤ ስህተቱ የኛም ሊሆን ይችላል፣ የጥያቄውም ሊሆን ይችላል።

ለኢንቨርስ ፈንክሽን አንድ ተጨማሪ መፈተሻ አለ። ዋናውን ፈንክሽን፣ ዋይ ከኤክስ ጋር እኩል የሆነበትን መስመርና ኢንቨርሱን አንድ ላይ ሳሏቸው። ሁለቱ አክሲሶች እኩል ስኬል ይኑራቸው። ኢንቨርሱ በመስመሩ ላይ የተንጸባረቀ የዋናው ምስል መሆን አለበት፤ ለኮሽ ከሆነ የቀኙ ግማሽ ብቻ። ኢንቨርስ ሲንሽም ዜሮ ላይ በ45 ዲግሪ ማለፍ አለበት። ይህ ካልሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ቱቶር የምታደርጉ ሲኒየሮች ደግሞ የተዘጋጀ ግራፍ በፒዲኤፍ ከመላክ ትዕዛዙን ላኩ፤ ታናናሾቻችሁ ራሳቸው ስለው ይዩት። ላፕቶፕ ያላችሁ ለሌላችሁ አጋሩ። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ከማጥፋታችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ላይ ተጽፏል።

አላህ (ሱ.ወ) ጠቃሚ ዒልምን ይወፍቀን፤ በፈተናችሁም ያግራላችሁ። ወሏሁ አዕለም።